ጎንደር ላይ በማታ ትምህርት አንጥረኝነትን መጀመር፦ ከመዳብ ሽቦ እስከ ብር ቀለበት

የብረታ ብረት ሥራ ሊማር የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መዶሻ ለመጨበጥ ይቸኩላል። የሚፈትነው ግን እሳቱ ነው፤ ከእሳቱም ይበልጥ እሳቱ ከመለኮሱ በፊት ያለው ዝግጅት። የተበየደ ቀለበት መገጣጠሚያው ላይ ሲለቅ ጀማሪው ቀልጦ ጫፎቹን የሚያያይዘውን መበየጃ ወይም ጋዙን ይረግማል። ጥፋቱ ያለው ግን ብዙውን ጊዜ ሁለቱ ጫፎች በትክክል ሳይገጥሙ ነበልባል መቅረቡ ላይ ነው።

ይህ መመሪያ ቀን በሥራ ውሎ ማታ ለሚማር ሰው የተጻፈ ነው። የምንሠራውም ቀለበት ብቻ ነው፦ መጀመሪያ ከመዳብ፣ ቀጥሎ ከብር። ቀለበት ትንሽ ትሁን እንጂ መለካት፣ መቀጥቀጥ፣ ማለስለስ፣ ማጠፍ፣ መግጠም፣ መበየድ፣ መሞረድና መወልወል ሁሉም አሉባት። እሷን አጥርቶ የሠራ ሰው ወደ አምባርና ወደ አንገት መስቀል ለመሄድ ብዙ አይቸገርም።

የት ልማር፣ ምን ልጠይቅ?

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች የሚሰጡት የአጭር ጊዜ የማታ ሥልጠና ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ሳትጠይቁ አትመዝገቡ፦ «የምትሠሩት በብርና በመዳብ ነው ወይስ በላሜራና በቱቦ?» የብረታ ብረት ሥልጠና የሚባለው ብዙውን ጊዜ በርና መስኮት የሚበየድበት የኤሌክትሪክ ብየዳ ነው። ጥሩ እንጀራ ያበላል፤ ነገር ግን ሌላ ሙያ ነው።

ሁለተኛው መንገድ አንድ አንጥረኛ ሱቁን ሊዘጋ ሲል ለአንድ ሁለት ሰዓት እንዲያስተምራችሁ መስማማት ነው። ፒያሳ አካባቢ ወርቅና ብር የሚሠሩትን አነጋግሩ። «ጋሼ፣ ማታ ማታ ከጎንዎ ተቀምጬ ልማር?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ነውር የሚሆነው ሦስት ነገር ሳይነጋገሩ መጀመር ነው፦ ጋዙን የሚሸፍነው ማን ነው? ብሩስ ከየት ይመጣል? ከሞረድ የሚረግፈው የብር ብናኝስ የማን ነው? የመጨረሻው ቀልድ ይመስላል። ብናኝ ግን በአንጥረኛ ቤት ተጠራቅሞ የሚቀልጥ ገንዘብ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ቆዳ የሚዘረጋውም ለዚህ ነው።

የብረት ሙያ ለጎንደር እንግዳ አይደለም። ከከተማዋ በስተሰሜን በደባርቅ መንገድ ላይ ያለችው ወለቃ በቤተ እስራኤል ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች የታወቀች መንደር ነበረች፤ አብዛኞቹ ቤተ እስራኤላውያን በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ዘመቻዎችና ከዚያም በኋላ ወደ እስራኤል ሄደዋል። ገበሬው ማረሻና ማጭዱን እያሠራ፣ ሠሪውን ግን «ቡዳ ነው» እያለ ይሸሸው ነበር። ዛሬ ከፍለን ልንማረው የምንሰለፈው በዚያ ስም የተገፋውን ሙያ ነው።

ማታ መማር የሚጠቅምበት ምክንያት

ብዙ ሰው የማታ ትምህርትን የሚመርጠው ቀኑ ስለማይበቃው ነው። ለአንጥረኛ ግን ምሽት የራሱ ጥቅም አለው። የጋለ ብረት ሙቀት የሚታወቀው በቀለሙ ነው። መዳብና ብር የሚለሰልሱት ደብዛዛ ቀይ ሲሆኑ፣ ማለትም በ600 እና በ650 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መካከል ነው። ይህ ቅላት በጠራራ ፀሐይ ወይም በደማቅ አምፖል ሥር አይታይም። «ገና ነው» እያሉ ሲያሞቁ ብሩ ጠርዙ ይቀልጣል። ትምህርቱ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ከጀመረ የመጀመሪያውን ሰዓት በመለካት፣ በመቁረጥና በመሞረድ አሳልፉት፤ እሳቱን ከጨለመ በኋላ አድርጉት። ከመበየጃው ቦታ በላይ ያለውን አምፖል አጥፍታችሁ የጎኑን ብቻ ተዉት። መብራት ድንገት ሲሄድ ሁሉም ያማርራል፤ በዚያች ሰዓት ብር እያለሰለሰ ያለ ሰው ብቻ ቅላቱን ከወትሮው ጥርት አድርጎ ያያል። እሱም ቢሆን ያንኑ ጨርሶ ጋዙን ይዝጋ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ሁሉን በአንድ ቀን አትግዙ። ለመጀመሪያው ቀለበት የሚበቃችሁ ፊቱ የለሰለሰ ትንሽ መዶሻ፣ የእንጨት መዶሻ፣ አንድ ጠፍጣፋና አንድ ግማሽ ክብ ሞረድ፣ ፒንሳ፣ ቀጭን የወርቅ ሠሪ መጋዝ፣ ክብ የዓረብ ብረት ዘንግ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ቦራክስ (መበየጃው እንዲፈስስ የሚረዳ ነጭ ዱቄት) እና የብር መበየጃ ነው። ሞርሳ፣ መስፍ (የሚቀጠቀጠው ነገር የሚያርፍበት ብረት) እና ነበልባል የሚወጣበት የጋዝ መሣሪያ የመምህሩ ይሁኑ። በቤታችሁ መለማመድ ከፈለጋችሁ አምስት ኪሎ ያህል የሚመዝን ጠፍጣፋ የብረት ቁራጭ የወይራ ወይም የባሕር ዛፍ ግንድ ላይ አጥብቃችሁ ብትቸነክሩት እንደ መስፍ ያገለግላል።

የመዶሻውን ፊት አደራ። መዶሻው ላይ ያለች ጭረት በእያንዳንዱ ምት ወደ ሥራችሁ ትተላለፋለች፤ ከቀለበቱ ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ከምትሞርዷት ከመዶሻው ላይ በአሥር ደቂቃ ብታጠፏት ይሻላል። በዚህ መዶሻ ምስማር አይመታም።

ለመዳቡ ባለ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር የመብራት ገመድ ፈልጉ፤ ድፍኑን እንጂ ባለ ብዙ ዘለላውን አይደለም። ውስጡ ያለው ሽቦ 2.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወፍራል። ልባሱን በቢላዋ ላጡት እንጂ አታቃጥሉት፤ ጭሱ መርዝ ነው።

ስለ ደኅንነት በአጭሩ

ጎንደር ማታ ይቀዘቅዛል፤ ጋቢ ለብሶ ነበልባል ፊት መቀመጥ ግን አይቻልም። ነጠላም ሻርፕም ይውለቅ፤ ፀጉር ይታሰር። ናይለን ቀልጦ ቆዳ ላይ ስለሚጣበቅ የጥጥ ልብስና የቆዳ ሽርጥ ይሻላል። መነጽር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዓይን ላይ ይቆይ። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈተልክ ወለል ላይ ይተኛል። ስለዚህ ከመለኮሳችሁ በፊት መገጣጠሚያዎቹን በሳሙና አረፋ ፈትሹ፤ በርና መስኮትም ክፈቱ። በከሰል የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ፈጽሞ አይሆንም።

ሦስት ነገር እሳት ላይ አይወጣም፦ ዚንክ የተቀባ ብረት፣ ምንነቱ ያልታወቀ ጌጥ እና ከወንዝ ዳር የመጣ ድንጋይ። የመጀመሪያው ትኩሳት የሚያስይዝ ጭስ ያወጣል፤ ሁለተኛው እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፤ ሦስተኛው ውስጡ ያለው እርጥበት ሲፈላ ይፈነዳል። ከሥር የምታደርጉት እሳት የሚችል ጡብ ይሁን።

1. ሽቦውን ወደ ጥፍጥፍ መቀየር

«ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው» የሚለው ተረት ለማረሻ ሠሪ እውነት ነው፤ ለእኛ ግን ያሳስታል። መዳብና ብር በእሳት ይለሰልሱና ከቀዘቀዙ በኋላ ይቀጠቀጣሉ። ነሐስ ደግሞ እንደጋለ ቢመታ ሊሰነጠቅና ሊፈረካከስ ይችላል።

70 ሚሊ ሜትር ያህል ሽቦ ቁረጡ። መስፉ ላይ አስተኝታችሁ ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው በእኩል ኃይል ምቱ። መዶሻውን ከእጀታው ጫፍ ያዙ፤ እንቅስቃሴው ከክርን ይምጣ። የመዶሻው ፊት ከመስፉ ጋር ትይዩ ካልሆነ ጠርዙ ሽቦው ላይ የጨረቃ ቅርጽ ያለው ጠባሳ ይተዋል። ጠባሳውን ስታዩ የሚታረመው ጉልበታችሁ ሳይሆን የእጅ አንጓችሁ ዘንበል ማለት ነው። ውፍረቱ ወደ 1.5 ሚሊ ሜትር ሲወርድ ስፋቱ 3.5 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይደርሳል።

ጆሯችሁንም አሠሩት። ለስላሳ መዳብ ሲመታ ድምፁ የታፈነ ነው፤ እየጠነከረ ሲሄድ ይጮኻል፣ መዶሻውንም ያነጥራል። ያን ጊዜ አቁሙ። ከዚያ በኋላ የሚመታው ምት ጠርዙን መሰንጠቅ ይጀምራል።

2. ማለስለስ

ጥፍጥፉን ጡብ ላይ አድርጋችሁ በሰፊና ለስላሳ ነበልባል ሁሉንም ጎን አዳርሱ። አንድ ቦታ ላይ አትቁሙ። ደብዛዛ ቅላት ከዳር እስከ ዳር ሲታይ ጥቂት ሰኮንድ አቆዩትና ውኃ ውስጥ ጨምሩት። ዓረብ ብረት በደንብ ግሎ እንዲህ ቢደረግ ይጠነክር ነበር፤ መዳብ ግን ለስላሳ እንደሆነ ይቀራል። ቅላቱን ለማየት ዓይናችሁ ገና ካልለመደ በጥቁር የማይለቅ ማርከር አንድ መስመር አስምሩበት፤ መስመሩ ሲጠፋ ሙቀቱ ተቃርቧል ማለት ነው።

ከእሳት የወጣ መዳብ ይጠቁራል። ጥቁሩ ሳይጸዳ ከተመታ ቅርፊቱ ወደ ውስጥ ይገባል። ለግማሽ ሊትር ሞቅ ያለ ውኃ ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ሲትሪክ አሲድ በጥብጣችሁ እዚያ ዘፍዝፉት። ካጣችሁ የሎሚ ጭማቂም ይሠራል፣ ይዘገያል እንጂ። ማውጫው እንጨት፣ ፕላስቲክ ወይም መዳብ ይሁን፤ የብረት ጉጠት ከገባበት ውኃው ውስጥ የሟሟው መዳብ ተመልሶ ሥራችሁ ላይ ይለጠፋል፣ ብራችሁም ቀይ ሆኖ ይወጣል። የተዘፈዘፈበት ዕቃ ከዚያ ወዲያ ወደ ማዕድ ቤት አይመለስም።

3. መለካትና መቁረጥ

ቀጭን ወረቀት ጣት ላይ ጠምጥሙ፤ ቀለበቱ የሚያልፈው በጣቱ አንጓ ላይ ስለሆነ እዚያም ለኩ። የማታ ብርድ ጣትን ስለሚያቀጥነው እጃችሁን አሟሙቁ። የወረቀቱ ርዝመት 56 ሚሊ ሜትር ሆነ እንበል። ይህ የውስጡ ዙሪያ ነው። ብረቱ ሲታጠፍ ውስጡ ይጨማደዳል፣ ውጪው ይለጠጣል፤ ስለዚህ ውፍረቱን በ3.14 አባዝታችሁ ትጨምራላችሁ፦ 1.5 ሲባዛ በ3.14 ወደ 4.7 ይመጣል፤ ድምሩ 60.7። ለሞረድ ግማሽ ሚሊ ሜትር ጨምሩና 61.2 ላይ ቁረጡ። ይህን ስሌት የዘለለ ሰው ቀለበቱ ከአንጓው አያልፍለትም።

የመጋዙ ጥርስ ወደ እጀታው፣ ማለትም ወደ ታች ይመልከት፤ የሚቆርጠው ሲወርድ ነው። ምላጩ ተወጥሮ ሲነኩት ጥርት ያለ ድምፅ ማሰማት አለበት። ቁራጭ ጧፍ ብታሹበት ሰሙ ያለሰልሰዋል። ምላጭ መሰበሩ አይቀርም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበረው ስትጫኑት ነውና ክንዳችሁ ይውረድ፣ ጉልበታችሁ ይቅር።

4. ማጠፍና መግጠም

ሥራው ሁሉ የሚወሰነው እዚህ ነው፤ ጊዜያችሁንም እዚህ አውጡ። የለሰለሰውን ጥፍጥፍ በዘንጉ ላይ በእንጨት መዶሻ አጥፉት፤ የብረቱ መዶሻ ያቀጥነዋል። ክብ እንዲሆን አትጨነቁ፤ ከተበየደ በኋላ ይከባል። የምትፈልጉት ሁለቱ ጫፎች ፊት ለፊት እንዲገናኙ ነው። መጀመሪያ አንዱን ጫፍ ከሌላው አሳልፋችሁ ግፉት፣ በሌላው ጎንም እንዲሁ፤ ከዚያ ስትመልሷቸው በራሳቸው ኃይል እርስ በርስ ይጫናሉ።

አሁን ምላጩን በመጋጠሚያው መካከል አሳልፉት። አንዱ ምላጭ ሁለቱንም ፊት በአንድ ጊዜ ስለሚላጭ ጎርበጥባጣው ይስተካከላል። መልሳችሁ ግጠሙ፣ ደግሞም አሳልፉ። ቀለበቱን ከባትሪ ፊት ይዛችሁ ተመልከቱ፤ በመጋጠሚያው በኩል የክር ያህል ብርሃን ካለፈ ገና ነው። መበየጃ ክፍተት አይሞላም። ቀጭን ስንጥቅ ውስጥ ተስቦ የሚሮጥ እንጂ ጉድጓድ ላይ ተለስኖ የሚቀር ጭቃ አይደለም። መምህራችሁ «ይበቃል፣ እሳቱ ይሸፍነዋል» ካላችሁ ሌላ መምህር ፈልጉ።

5. መበየድ

የብር መበየጃ ብር፣ መዳብና ዚንክ የተደባለቀበት ነው። እንደ ውሕዱ በሦስት ደረጃ ይሸጣል፦ ጠንካራው ከ745 ዲግሪ በላይ፣ መካከለኛው ከ720 በላይ፣ ቀላሉ 700 አካባቢ ይፈስሳል። ካድሚየም ያለበትን አትግዙ፤ ጭሱ ሳንባ ይጎዳል። ሬዲዮ ጠጋኞች የሚጠቀሙበትን የቆርቆሮና የእርሳስ መበየጃም ወደ ብር ሥራ አታስጠጉ፤ ትንሽ እርሳስ የቀረበት ብር ሲግል እየተበላ ይበሳሳል።

ቦራክስን በውኃ አቅጥናችሁ መጋጠሚያውን ቀቡ። እጅ የነካው ስብ ካለ መበየጃው ይሸሻል፤ አስቀድማችሁ በብርጭቆ ወረቀት ፈቅፍቁት። ከዚያ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያላቸው ሁለት የመበየጃ ቁርጥራጮች አዘጋጁ። ሁለት ይበቃሉ፤ ጀማሪ አምስት ያደርግና ከቀለበቱ ይልቅ መበየጃ ሲሞርድ ያመሻል።

ነበልባሉን ከሩቅ አምጡ። ቦራክሱ መጀመሪያ ይነጣል፣ ያብጣል፣ ይንተከተካል፤ ቁርጥራጩን በዚያች ሰዓት ብታስቀምጡት ያሽቀነጥረዋል። አረፋው ሲተኛ ቁርጥራጮቹን መጋጠሚያው ላይ አኑሩ። ቦራክሱ እንደ መስታወት ጥርት ሲል ሙቀቱ ደርሷል። ከመጋጠሚያው በፊት የቀለበቱን ጀርባና ጎኖች አሙቁ፤ መበየጃ ምንጊዜም የሚሮጠው ወደ ሞቀው ወገን ነው። አንዱ ጎን ብቻ ከጋለ እዚያ ላይ ተሰብስቦ ይቀራል። ከሰማያዊው ውስጠኛ ነበልባል ጫፍ እልፍ ብሎ ያለው ቦታ ከሁሉ ይበልጥ ይሞቃል፤ በመጨረሻ መጋጠሚያው ላይ እሱን አሳርፉ። የሚያብለጨልጭ መስመር ብልጭ ብሎ ስንጥቁን ሲሞላ ታያላችሁ። ወዲያው ነበልባሉን አንሡ። «ትንሽ ልጨምርበት» ማለት መበየጃውን ያቃጥለዋል።

ካልፈሰሰ ደጋግማችሁ አታሙቁት። አቀዝቅዙ፣ በሲትሪኩ አጽዱ፣ መጋጠሚያውን እንደገና እዩ፣ አዲስ ቦራክስ ቀቡ። በመዳብ ላይ መበየጃው ነጭ መስመር ሆኖ ይታያል፤ መዳብን ለልምምድ የመረጥነውም ለዚህ ጭምር ነው። መስመሩ የት ሞልቶ የት እንደቀረ ይነግራችኋል።

6. ማክበብ፣ መሞረድ፣ መወልወል

ከተጸዳ በኋላ ዘንጉ ላይ አጥልቃችሁ በእንጨት መዶሻ እያዞራችሁ ምቱት፤ ዘንጉ አንዱ ጫፉ ከቀጠነ ቀለበቱን እያገላበጣችሁ አስገቡ፣ አለበለዚያ አንዱ አፍ ይሰፋል። የተረፈውን መበየጃ ከውጪ በጠፍጣፋ፣ ከውስጥ በግማሽ ክብ ሞረድ አንሡ። ሞረድ የሚቆርጠው ሲገፋ ብቻ ነው፤ ሲመለስ አንሱት። ጠርዞቹንም አድበልብሉ።

ከዚያ የብርጭቆ ወረቀት ከሸካራው ወደ ልሙ በተራ፦ ቁጥር 240፣ 400፣ 600፣ 1000። በየደረጃው አቅጣጫ ቀይሩ፤ የፊተኛው ጭረት ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ወደ ሚቀጥለው አትለፉ። አሰልቺ ነው፤ አቋራጭም የለውም። የቀረች ጭረት ቀለበቱ ሲያብረቀርቅ ይበልጥ ጎልታ ትታያለች።

7. ወደ ብር መሻገር

ሦስት አራት የመዳብ ቀለበት ያለ ክፍተት ከበየዳችሁ ብር ያዙ። ሥራው ያው ነው፤ የሚለየው የእሳቱ ዳር ነው። መዳብ የሚቀልጠው በ1,085 ዲግሪ ስለሆነ ከመበየጃው ብዙ ይርቃል፤ ብትዘገዩም ይታገሣችኋል። ከሺህ 925 እጁ ብር የሆነው ውሕድ ግን 800 ዲግሪ አካባቢ መለስለስና መቅለጥ ይጀምራል። ከጠንካራው መበየጃ ጋር ያለው ርቀት የጥቂት ሰኮንድ ነው። የብሩ ገጽ እንደ ውኃ መብረቅረቅ ከጀመረ ነበልባሉን ቶሎ አሽሹ።

ጠገራ ብር ያለው ሰው ደግሞ «ይህን አቅልጬ ልጀምር» ይላል። ድሮ አንጥረኞቻችን ብር ያገኙ የነበረው በአመዛኙ ከዚሁ ነው። 1780 የሚል ዓመተ ምሕረት የተጻፈበት የማርያ ቴሬዛ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከሺህ 833 እጁ ብር፣ የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነው። መዳቡ ስለበዛ 780 ዲግሪ አካባቢ መቅለጥ ይጀምራል፤ ጠንካራውን መበየጃ ከተጠቀማችሁ ቀለበቱና መበየጃው አብረው ሊሄዱ ይችላሉ። ለሱ ቀላሉ መበየጃ ይሻላል። የኔ ምክር ግን የአያታችሁን ጠገራ ብር እንዳትነኩ ነው። እንደ ሠራናት ያለች ቀለበት ከ3 እስከ 4 ግራም ብር ብቻ ትፈልጋለች፤ ይህን ያህል ከምታምኑት አንጥረኛ መግዛት ይቻላል። የቆዩ መስቀሎችና የቤተ ክርስቲያን ዕቃዎች ደግሞ ቅርስ ናቸውና ከናካቴው ወደ እሳት አይቀርቡም።

ገበያ ላይ ብር ስትገዙ ኒኬል ያለበት ነጭ ውሕድ ብር መስሎ እንዳይሸጥላችሁ ሚዛን ይዛችሁ ሂዱ። ቁራጩን መዝኑ፤ ቀጥሎ በክር አንጠልጥላችሁ ሚዛኑ ላይ ባለ የውኃ ብርጭቆ ውስጥ፣ ታችና ጎን ሳይነካ፣ አስምጡት። ከማስመጣችሁ በፊት ሚዛኑን ዜሮ ላይ ካደረጋችሁት የሚያሳየው ቁጥር የተገፋው ውኃ ነው። የቁራጩን ክብደት በዚህ ቁጥር ስታካፍሉ ለጥሩ ብር ከ10 በላይ ይወጣል፤ ለመዳብና ለኒኬል ውሕዶች 9 እንኳ አይሞላም።

8. ልኩ ካልመጣ

ትንሽ ከጠበበ አለስልሱትና አንድ ጫፉ በቀጠነው ዘንግ ላይ እያገላበጣችሁ በብረት መዶሻ ቀስ ብላችሁ ዙሪያውን ምቱት፤ ብረቱ እየሳሳ ይሰፋል። መበየጃው መስመር ላይ ግን አትበርቱበት። ከሰፋ ከአሮጌው መጋጠሚያ ጎን ቁረጡ፤ ዲያሜትሩን በ1 ሚሊ ሜትር ለማጥበብ 3.1 ሚሊ ሜትር ያህል ከነአሮጌው መበየጃ ታወጣላችሁ። ከዚያ ከተራ ቁጥር 4 ጀምራችሁ እንደገና ትገጥማላችሁ፣ በባትሪም ታያላችሁ።